ወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር የሞተችው ሴት

ማክሰኞ፣ ግንቦት 1965

ሴትዮዋ ዛሬም ከወፍጮ ቤቱ ጥላ አልተነሳችም። ትናንት አምስት ዓመት የምትሆን ልጅ አስከትላ ከዋጃ መንገድ ስትመጣ አየኋት። ውሃ ጠጥታ ወደ ቆቦ ትሻገራለች ብዬ ነበር። እኛ ሰፈር ሰው ያልፍበታል እንጂ አይቆይበትም።

ለነገሩ እኛስ ከየት መጣን? ጣልያን ይሄን መንገድ ሲሠራ የቀን ሠራተኞቹን ያሰፈረው እዚህ ነው። ካምቦ የሚለው የሰፈራችን ስም የመጣው ከዚያ ነው። መንገዱ አለቀ፣ ሰዉ ቀረ። ከከተማው የሚለየን አሸዋው ወንዝ ነው። ክሊኒኩ ማዶ፣ ትምህርት ቤቱ ማዶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ። እዚህ ያለው መስጊዱ፣ አንድ የውሃ ጉድጓድ፣ ወፍጮውና የኔ ስፌት መኪና ነው። ወፍጮው የሚፈጨው ካጣ ሰነበተ። እኔም ከፋሲካ ወዲህ ልብስ አልሰፋሁም። የምቆርጠው የእስላሙን ከፈንና የክርስቲያኑን መግነዝ ብቻ ነው።

ረቡዕ

ሚስቴ እመቤት አጥሚት ሠርታ ለሴትዮዋ ወሰደችላት። ከእኛው ማሽላ።

«እህል ጉድጓዱ ውስጥ የቀረውን አይተሽዋል?» ብዬ ተቆጣሁ።

«አይቼዋለሁ» አለችና ሄደች።

ሴትዮዋ መዋጥ አቃታት። አጥሚቱን ልጅቷ ጠጣችው። ስሟ ትርንጎ ነው። ከየት እንደመጡ ስትጠየቅ «ከቤት» ትላለች። አባቷ በሬውን ሊሸጥ ሄደ አለች፤ ከዚያ ወዲያ አታውቅም። እናትየዋ አትናገርም። ዓይኗ ብቻ ልጅቷን ይከተላል።

ጎረቤታችን እቴ ዘሀራ ጆንያ አነጠፈችላት። እሷን ክሊኒክ የሚያደርስልኝ ሰው ፈለግሁ። ቃሬዛ ተሸክሞ አሸዋውን የሚሻገር ጉልበት የማን ነው? ለነገ ተባባልን።

ሐሙስ

ጎህ ሲቀድ ሞተች። ቃሬዛው ለቀብር ሆነ።

የቀብር ማኅበራችን የቅሬው ዳኛ አባ ይመር ሰዉን ሰበሰቡ። ቅሬያችን እስላሙንም ክርስቲያኑንም ይቀብራል፤ በዚህ ተጣልተን አናውቅም። ግን ይቺ የት ትቀበር? ማዶ ቤተ ክርስቲያን ወይስ እዚህ መስጊዱ ጀርባ? አንገቷ ላይ ማተብ የለም። እሱማ ተበጥሶም ሊሆን ይችላል። ንቅሳቷ የማንኛዋም የራያ ሴት ንቅሳት ነው። ትርንጎ የሚባል ልጅ በሁለቱም ወገን አለ።

አባ ይመር ልጅቷ አጠገብ ቁጭ አሉ። «እናትሽ ስትጸልይ ምን ትላለች፣ የኔ እናት?»

«ዝናብ አምጣልን ትላለች።»

በኋላ የመስጊዱ ሼህ ተናገሩ። «እኛ ዘንድ ትረፍ። ከተሳሳትንም አላህ ልባችንን ያያል። ሙቀቱ አያቆየንም።»

እቴ ዘሀራና እመቤት አጠቧት። እኔ የቀረችኝን አቡጄዴ ቆረጥኩላት። አንሶ ያሳፍረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጭራሽ ተረፈ። ወንዶቹ እየተቀባበልን ብንቆፍርም ጥልቅ አልሆነልንም። ጅብ እንዳያወጣት ድንጋይ ከመርንበት።

ዓርብ

ጥላው ሥር ሌሎች መጥተዋል። ማለዳ ባልና ሚስት ሞተው ተገኙ። ዛሬ ሃይማኖታቸውን የጠየቀ የለም። የተረፈችኝ የአቡጄዴ ቁራጭም ለአንድ ሰው አትበቃም። በለበሱት ጨርቅ፣ በአንድ ጉድጓድ ገቡ።

ትርንጎ እኛ ቤት አድራለች። እቴ ዘሀራ ልውሰዳት ብላ ነበር፤ የራሷ ስድስት ልጆች አሏት፣ ምን ታበላታለች? እመቤትን «ዘመድ እስኪመጣ ብቻ» አልኳት። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ፈጣሪ ልጅ አልሰጠንም። እሷ ምን እንደምታስብ ይገባኛል። እኔ ደግሞ ማሽላውን አስባለሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ትርንጎ ጠፋች። ወፍጮ ቤቱ ጋ የለችም፣ ውሃው ጋ የለችም። መስጊዱ ጀርባ አገኘኋት። ከመቃብሩ ላይ ድንጋይ እያነሳች ወደ ጎን ታስቀምጣለች።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«ይከብዳታል።»

ድንጋዮቹን መልሼ፣ እሷን አዝዬ አመጣኋት። ቀኑን ሙሉ ሥራ አልያዝኩም። የሚያዝም ሥራ የለም።

እሁድ

ሰው መጣ። ልጅ የያዘች ሴት አይታችኋል ወይ እያለ ከዋጃ ጀምሮ ይጠይቃል። የሴትዮዋ ወንድም ነው። አንገቱ ላይ ማተብ አየሁ። መዋሸት አማረኝ። ግን ወስጄ መቃብሩን አሳየሁት፣ እንዴት እንደሆነም ነገርኩት።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«አጥባችኋታል?»

«አጥበናታል። ተገንዛለችም፣ እኔው ነኝ የቆረጥኩላት።»

«እኔ ትናንት ልጄን የቀበርኩት መንገድ ዳር ነው» አለ። «በአፈር ብቻ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ።» የእህቱ ስም ይታየሽ እንደነበር ያን ጊዜ ነገረኝ።

ቤት ስንደርስ ትርንጎ አወቀችው፤ ግን ወደሱ አልሮጠችም። እሱም ብዙ አልቀረባትም። ጎብዬ ላይ ዱቄት ይታደላል መባሉን ሰምቷል፤ ወደዚያ መሄዱ ነው። እግሩ አብጧል። ይዣት ልሂድ አላለም፣ ትቅር ወይም አላለም። እኔን አየኝ። ዘመድ እስኪመጣ ብቻ ብዬ አልነበር? ዘመዷ ይኸው ፊቴ ቆሟል። «ውሰዳት» ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።

«ከተረፍኩ እመለሳለሁ» አለና አሸዋውን ተሻገረ።

የእህሉን ጉድጓድ ዛሬ ከፍቼ አላየሁም። ሰኔ ይዝነብ አይዝነብ ማን ያውቃል። ማታ እመቤት ቂጣውን ለሦስት ቆረሰችው፤ እኔም የደረሰኝን በላሁ።