«ከቀሪው» ማለት ምን ይከብዳል?

እህት ዓለም፣

ቁልፉ ጎረቤት ጋ ነው። ሰማያዊውን ቀሚስ ደንበኛዬ ስትመጣ ስጫት፤ ተተኩሷል።

ትናንት በእንግዶችሽ ፊት «ጨርቅ ስትቆርጥ ትውላለች፣ ክፍልፋይ ግን አልገባት አለ» ብለሽ አሳቅሽብኝ። የጠየቅኩሽ ጥያቄ ይኸው፦ ከአንድ ጣቃ ሁለት አምስተኛው ተሰፋ። ከቀሪው አንድ ሦስተኛው ተሸጠ። ስምንት ሜትር ተረፈ። ጣቃው ስንት ሜትር ነበር? እኔ ሦስተኛውን ከሙሉው ላይ ቀነስኩ። አስተማሪ አይደለሽም እንዴ? «ከቀሪው ነው» ብትይኝ ምላስሽ ይነቀል ነበር?

ዛሬ ጠዋት ጨርቅ ላይ በጠመኔ ከፋፍዬ ደረስኩበት፤ ሃያ ሜትር ነው። ያላንቺ!

ስለ ትዳርሽ መልሼ የተናገርኩሽ... አፌ ቀደመኝ።

የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዬ ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እንዳትመጪ። ከመጣሽ ግን እርሳስ ይዘሽ ነይ፤ የኔን በንዴት ሰብሬዋለሁ።