ሠላሳውም እምቢ አለ

ጎንፋ፣

ለያዮ መምህራን ፓይተን የሚሉትን የፕሮግራም መጻፊያ ኮምፒውተራቸው ላይ ልጭንላቸው ሄጃለሁ። ስትወጣ ቁልፉን እትዬ ዙፋን ጋ ተወው። ውሃ ከመጣ ጀሪካኖቹን ሙላ።

ትናንት ከጎሬ ስመለስ «ሥልጠናው እንዴት ነበር?» ስትለኝ «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬህ ገባሁ። መልሱ ይኸውልህ።

ወደ አፋን ኦሮሞ የመለስከው የመጫኛ መመሪያ ግሩም ነው። ሠላሳውም መምህራን ጥርት ብሎ ገባቸው። ሠላሳውም ኮምፒውተር እኩል እምቢ አለ።

የፓይተኑን እትም 3.8 የሚለውን «ይሄማ አሮጌ ነው» ብለህ በአዲሱ ቁጥር ስለተካህልን ገለቶማ! እዚያ ያለው ዊንዶውስ ሰቨን ከ3.8 በላይ አይቀበልም። የጎሬ ኮምፒውተሮች እንዳንተ ዘመናዊ ባለመሆናቸው ይቅርታ ይጠይቁሃል።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ገጽ አለ። ለምን 3.8 እንደሆነ የሚያስረዳ ነው። እስከ ማታ ተርጉመህ ጠብቀኝ።
ቁጥሩን አትንካ። እጅህን ከበላህ ነጠላ ሰረዝ ጨምር።

ይሄ ማብራሪያ በአማርኛውም ላይ አልነበረም።
አማርኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። እኔ ስለማውቀው አገሩ ሁሉ የሚያውቀው መስሎኝ ነው።

ደግሞ፣
የሥልጠናው ኃላፊ በሰው ፊት «ይህን ያዘጋጀው ማን ነው?» ሲሉኝ «ጎንፋ» አልኳቸው።

መመሪያው እጃቸው ላይ ነበር። ሽፋኑ ላይ ያለውን የሁለታችንን ስም አነበቡና ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

ጌታሰው