የጥቁሯ መኪና ቀይ መብራት

ዓርብ

መብራቷ አልበራችም። በዓይኔ አይቻለሁ። ቁልፉ ሲዞር የኤርባጓ፣ በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት፣ ቀይ መብራት ብልጭ ብላ መጥፋት አለባት፤ ሰሞኑን ኢንተርኔት ላይ ሳነብ የሰነበትኩት ይህንኑ ነው። ልገዛት ባሰብኳት የጋሽ ደምሴ መኪና ላይ ግን ጭራሽ ብልጭ አላለችም። ወይ አምፖሏ ተቃጥላለች፣ ወይ ሰው ሆን ብሎ አጥፍቷታል። ሆን ተብሎ የምትጠፋው ደግሞ መኪናዋ ተጋጭታ፣ ኤርባጉ ፈንድቶ፣ ሌላ ሳይገባላት ሲቀር ነው።

እኔስ ምን አልኩ? “ወንበሯ ይመቻል” አልኩ።

ጋሽ ደምሴ የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው። በልጅነቴ አስተምረውኛል፤ ከገነት ጋር ስንጋባም ሽማግሌ ሆነው የተላኩልኝ እሳቸው ናቸው። ጭረት እንኳ አግኝቷት አያውቅም ብለውኛል። ከዚህ በኋላ ተጋጭታ ታውቃለች ወይ ብሎ መጠየቅ ዋሽተዋል ማለት መሰለኝ።

ሥራዬ እኮ መጠየቅ ነው። የጉምሩክ ዕቃ አስፈጻሚ፣ ትራንዚተር ነኝ፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ምን ጫንክ፣ ሰነዱ የታለ ስል ነው የምውለው። ይሉኝታ ግን አፌን ዘጋችው።

ቅዳሜ

ገነት ሁሉን አየኸው ወይ አለችኝ። አየሁት አልኳት። አልዋሸሁም፤ ያየሁትን አልነገርኳትም እንጂ።

ይልቅ ስለ ኮከብ አወራሁላት። ሞዴሏ በግጭት ፈተና ሙሉ ኮከብ አግኝታለች። ቪዲዮውንም አሳየኋት፤ አሻንጉሊቱ ሰውዬ ኤርባጉ ላይ እንደ ትራስ ጋደም ሲል። ገነት ደስ አላት። ኮከቡ የተሰጠው ኤርባግ ላላት መኪና መሆኑን በሆዴ ያዝኩት።

እውነቱን ልጻፍ። ጥቁር ቀለሟን፣ የቆዳ ወንበሯን ወድጃለሁ። ሞጆ ስገባ ሰው ዞር ብሎ እንዲያየኝ ፈልጌያለሁ። በዚህ ዕድሜዬ!

ሲፈን ልጃችን ጋቢናው የእኔ ነው ብላ ከወዲሁ አውጃለች። ቢሾፍቱ አያቷ ጋ ስንሄድ በፈጣን መንገዱ እዚያ ተቀምጣ ልትሄድ ነው።

እሁድ

የባሰው ዛሬ መጣ።

ከአምልኮ በኋላ ጋሽ ደምሴ መኪናዋን ግቢው ውስጥ አቁመዋት ነበር። ወንድሞችና እህቶች ከበቧት። ገና ሳልገዛት ይጸለይላት ተባለ። አንዲት እህት ኮፈኑ ላይ እጇን ጭና ከአደጋ ሁሉ ጠብቃት ስትል እኔ “አሜን” አልኩ፤ ያውም ከሁሉም ጮክ ብዬ። እጄ ያረፈው የጋቢናው በር ላይ ነበር። ዓይን ተሰጥቶኝ፣ በዓይኔ አይቼ፣ ዝም ብዬ፣ ደግሞ ጠብቀን እላለሁ። እንዲህ ያፈርኩበት አሜን የለም።

እንኳን ደስ አለህ ይሉኛል። አብሮ ደስ ይበለን እላለሁ። ለዚህ ለዚህማ አፍ አላጣም።

ሰኞ

ውል የምንፈራረመው ነገ ነው። ሰበብ ስፈልግ ዋልኩ። ጥቁር ቀለም ለአዳማ ሙቀት አይሆንም። ነዳጅ ትበላለች። ገነት የምትወደው ነጭ ነው። ሁሉም ውሸት፣ ሁሉም ከእውነቱ ይልቅ ለመናገር የሚቀል።

ደግሞ አንዱ ሰበብ ቢሠራልኝ መኪናዋ ለሌላ ሰው ትሸጣለች። የሌላ ሰው ልጅ ጋቢና ትቀመጣለች። ይህ ሲገባኝ በራሴ ይብስ አፈርኩ።

ከራት በኋላ ለገነት ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ቀስ ብላ፣ “ጋሽ ደምሴን አፍረህ ሲፈንን እዚያ ልታስቀምጣት ነበር?” አለችኝ።

ቆሎው ላይ አቀርቅሬ ቀረሁ።

ማክሰኞ

ጠዋት ጋሽ ደምሴ ቤት ሄድኩ። “ማሎ፣ እባክህ ግባ እንጂ” አሉኝ። መግባት አቃተኝ፤ ግቢው ውስጥ መኪናዋ አጠገብ ቆምኩ።

“ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይቺ መኪና ተጋጭታ ታውቃለች?”

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቁልፉን አምጥተው መሪው ጋ ተቀመጡና አዞሩት። ሁለታችንም ክሩስኮቱ ላይ፣ መብራቶቹ ያሉበት ሰሌዳ ላይ፣ አፈጠጥን። የሁሉም መብራት ብልጭ አለ፤ የኤርባጓ ግን የለችም።

“በእኔ እጅ ጭረት አላገኛትም” አሉ። “ከእኔ በፊት ያለውን ግን አላውቅም። የገዛኋት ከአማቼ ነው፣ ቡልቡላ ከሚኖረው። አማች እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? አፍሬ ተውኩት።”

አብረን ጋራዥ ወሰድናት። የጋቢናው ፊት ሲከፈት፣ ኤርባግ መኖር በነበረበት ቦታ የተጠቀጠቀ ስፖንጅ ወጣ። የመሪውም ያው ነው።

ጋሽ ደምሴ ስፖንጁን አላዩትም። የሚያዩት ወንበሩን ነው። “አስቴርን እዚህ አስቀምጬ ሐዋሳ ስመላለስ” አሉ። እትዬ አስቴር ባለቤታቸው ናቸው። ለእኔ የተናገሩ አልመሰለኝም።

ኤርባጉ እስኪገባ ለማንም እንደማይሸጧት ነገሩኝ። ለአማቻቸው ግን አልደወሉም። ስልኩን ከኪሳቸው ያወጡታል፣ ያዩታል፣ ይመልሱታል። ልፈርድባቸው አልቻልኩም።

ነገ ማታ የጸሎት ፕሮግራም አለ። ሰው ሁሉ መኪናዋስ ማለቱ አይቀርም። ጋሽ ደምሴ የምስክርነት ሰዓት ላይ አብረን እንቁም አሉኝ። እሺ ብያለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ግን እስካሁን አላውቅም። ምናልባት ከእሁዱ አሜን እጀምራለሁ።