በሲባጎህ የለካሁት ወንበር

ደስዬ፣

እንዴት ከረምክ ብል መልስ እንደማይመጣ አላጣሁትም። ግን ልማድ ሆኖብኝ፣ እንዴት ዋልክ ሳልልህ ወደ ነገር መግባት አልችልበትም፤ ስጨቀጭቅህ እንኳን መጀመሪያ እንዴት ዋልክ ብዬ ነበር። ስትለየኝ የግቢያችን የኒም ዛፍ ቅጠሉን እያራገፈ ነበር፤ አሁንም ያንኑ ቅጠል እየጠረግኩ ነው። ዓመት ሞላህ ማለት ነው። የፊታችን እሁድ ሙት ዓመትህ ነው።

ሰፈራችን ካላክላ በጦርነቱ የተሰደደው ሰው እየተመለሰባት ነው። ጎረቤታችን ሃጃ ፋጥማ ከሸንዲ መጥታ፣ ገና ዕቃዋን ሳታወርድ "ደስዬስ?" አለችኝ። ጥቁር ልብሴን አይታ ገባት፤ በራችን ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰችልህ። የቀባህላትን አረንጓዴ ግድግዳ ጥይት በሳስቶታል፤ ሌላ ቀለም ቀቢ ግን አላስነካም ብላለች። ልጃችን ሜሮን ቁመቷ ወዳንተ ሄዷል፣ አማርኛዋ ግን አሁንም አልዳነም። ባለፈው ቀን የግቢውን በር ዝገት አይታ "ባባ ይሄን ቢያይ ዘዕላን ይሆን ነበር" አለችኝ፤ ቅር ይለው ነበር ማለቷ ነው። ዐረብኛ እኮ ነው ብላት፣ የለም አማርኛ ነው ብላ ድርቅ አለች።

እኔ ያው ነኝ። ሱቅ ዐረቢ ገበያ የነበረችው የሻይ ቦታዬ ከነጥላዋ የለችም፤ አሁን እዚሁ ሰፈራችን ገበያ ዳር አፈላለሁ። ያቺው መደገፊያ የሌላት አጭር መቀመጫ፣ ባምበሬ ላይ ጎብጬ እውላለሁ። ምላሴ እንዳለ ነው፣ ያለቀው ወገቤ ነው።

ነገር አላብዛብህ። ወንበርህን እየሠራሁልህ ነበር፤ ትናንት ጨረስኩት።

አዎ፣ እኔ ብርቄ! ሚስማር ልምታ ብላ ጣቷን የምትመታው ሴትዮ። ሃጃ በግንቡ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ "ያ ብርቄ፣ ሻይሽን ትተሽ ነጃር ሆንሽ? አናጺ ጠፋ?" ብላ ሳቀችብኝ። አናጺስ ሞልቷል፣ እኔ ግን በእጄ ያፈረስኩትን በእጄ ነው የምሠራው አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም፤ አንተ ግን ይገባሃል።

ያን ቀን አብረን ነበርን፤ ቢሆንም ያኔ ያልነገርኩህ ነገር ስላለ ልድገመው። ጋዙ ካለቀ ሰንብቷል፣ የሻይ ከሰሌም አልቋል፣ ተኩሱ ከበር አያስወጣም። ምስሩ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፏል፣ ሜሮን ሆዷን ይዛ ታየኛለች። መዶሻህን አነሳሁና ኒሙ ሥር የቆመውን ሰማያዊ ወንበርህን ሰባበርኩት። ድምፁን ሰምተህ ስትወጣ ግማሹ እሳት ውስጥ ገብቷል።

ምን ታድርግ ብለህ አልፈኸኝ ይሆናል። እውነቱ ግን ሌላ እንጨት ነበረ። አሮጌው የገመድ አልጋ፣ አንገረቡ ነበረ። አንድ እግሯ የተሰበረው የሻይ ጠረጴዛዬ ነበረች። ከሁሉ አስቀድሜ ያንተን የመረጥኩት ተናድጄብህ ነው። ሰው ሁሉ በገዳሪፍ በኩል ሲወጣ "ነገሩ ይበርዳል፣ ትንሽ እንታገስ" ብለህ ያስቀረኸን አንተ ነበርክ፤ ንዴቴን በወንበርህ ተወጣሁት። እሱ አንሶ ደግሞ አፌ! "የማይረባ ወንበር፣ ገና ዛሬ ረባ" አልኩህ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ምን ብዬ ልመልሰው? አንተ እሳቱ ዳር ቁጢጥ አልክና "ቀለሙ ነው የሚሸተው፣ እንጨቱስ ደህና ነበር" ብለህ ሳቅህ። ምስሩንም በላን።

መቼም ያ ወንበር ከመጀመሪያውም ለዓይኔ አልሞላም ነበር። አንተ በር ስትገባ ጎንበስ የምትል ረጅም ሰው፣ ወንበሩ አጭር። ስትቀመጥበት ጉልበትህ አገጭህ ሊደርስ ምንም አይቀረው፤ ቁርጥ ፌንጣ ነበር የምትመስለው። ግድግዳ መቀባት እንጂ እንጨት የማይሆንልህ ሰው፣ ልኩን ስተህ ቆርጠኸው ነው ብዬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ መሳቂያ አደረግኩህ። ሜትር ግዛ ስልህ "ሜትር ማንንም አያውቅም፤ ሲባጎ ግን ሰው ለክቶ ነው የሚመጣው" ትለኝ ነበር። እኔም ራስህን ለክተህ እንዲህ ከሆነ ጉድ ነው እልሃለሁ። ትስቃለህ።

ማታ ማታ ከገበያ ስገባ "ብርቄ፣ ነይ ቁጭ በይ" ትለኛለህ። "ኋላ" እላለሁ። ሳህኑ አለ፣ ልብሱ አለ፣ ለነገ ሻይ የሚወቀጥ ዝንጅብል አለ። አንተም "በይ እስክትመጪ ላሙቅልሽ" ትልና ፌንጣ ሆነህ ትቀመጣለህ። አንድ ቀን እንኳን አልተቀመጥኩበትም፣ ደስዬ።

ከተቃጠለ በኋላ ነው እግርህ ማበጥ የጀመረው። ስትተኛ ትንፋሽ ያጥርሃል፤ ሐኪም ቤቱ ተዘግቷል፤ መድኃኒት ያለው ሰው ተገኘ ሲሉን ይጠፋል። ቀና ብለህ ስትቀመጥ ብቻ ነበር የሚሻልህ፣ የምትደገፍበት ግን የለም። አንገረቡ ይረግባል፣ ግድግዳው ያንሸራትትሃል። ያኔ ከኋላህ ተቀምጬ ጀርባዬን ሰጠሁህ። ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈን፣ አንተ በተከፈተው በር ኒሙን ታያለህ፣ እኔ ግድግዳውን አያለሁ። ትንፋሽ በሳብክ ቁጥር እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መደገፊያና የክንድ ማሳረፊያ ያለውን ያንን ወንበር። አንድም ቀን "ያ ወንበር ቢኖር" አላልከኝም። ብትለኝ በስንት ጣዕሙ! ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንተ ግን "ጀርባሽን ደከመሽ፣ ትንሽ እረፊ" ነበር የምትለኝ።

እንደዚያው ተደግፈኸኝ ነው ትንፋሽህ የቆመው። ይቅር በለኝ እንኳን አላልኩህም። ዞሬ ፊትህን ላየው አልቻልኩም፣ ብዞር ትወድቅ ነበርና። ሜሮን መጥታ እስክትይዝህ ድረስ ግድግዳውን እያየሁ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ወር፣ ጀብራ ሰፈር ጀምረኸው ጦርነቱ ያስጣለህ ቤት ባለቤት ተመልሶ አፈላልጎ አገኘኝ። ግማሽ የተቀባው ግድግዳ እንዳለ ነው አለኝ። ላያቸው ላይ ቆመህ ትቀባባቸው የነበሩትን ሳንቃዎች አህያ በሚጎትተው ካሮ አስጭኖ ላከልኝ። ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ቀለም ተንጠባጥቦባቸዋል፤ አንዱ ላይ የጫማህ ዱካ አለበት። ሃጃ ስታይ "ጥሩ ማገዶ መጣልሽ" አለችኝ። እሷ ምን ታውቃለች፤ እኔ ግን በጥፊ እንደተመታ ሰው ክው ብዬ ቀረሁ። ወንበር ይሆናሉ አልኩ ያኔውኑ።

በጦርነቱ ዘራፊዎች ገብተው ቤቱን ሲያራቁቱ የመሣሪያ ጣሳህን አልነኩትም፤ ቀለም የደረቀበትን ጣሳ ማን ይመኛል። ውስጡ መዶሻህ፣ የዛገ ሚስማር፣ ጉማጅ እርሳስና ሁለት ቦታ የተቋጠረችው ሲባጎህ አሉ። ያኔ በእሷ ስትለካ አይቼሃለሁ፤ ከጫፏ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ የወንበሩ እግር፣ ከዚያ እስከ ሁለተኛው መደገፊያው። መጋዝ ከሃጃ ተዋስኩና ጀመርኩ።

የመጀመሪያውን እግር ልቆርጥ ስል እጄ ቆመ። በዚች ሲባጎ ከቆረጥኩት ያው ፌንጣ ላደርግህ ነው። አንድ ስንዝር ልጨምርልህና አሁን እንኳን ተመችቶህ ተቀመጥ አልኩ። ኋላ ደግሞ፣ ምን ቤት ነኝና ነው ያንተን ሥራ የማርመው? ዕድሜ ልኬን ሳርምህ አይደል የኖርኩት! ስህተቱም ሳይቀር እንደነበረ ይመለስልህ ብዬ በቋጠሮዋ ልክ ቆረጥኩት።

ሥራውማ አይነሳ። ሲሉ ሰምታ የታነቀችው ዶሮ እኔ ነኝ። ከጫፍ ላይ ሚስማር መትቼ አንዱን ሳንቃ ለሁለት ሰነጠቅኩት፤ አራቱ እግሮች አልስማማ ብለው ወንበሩ ሲንገጫገጭ ሰነበተ። ሲሚንቶው ላይ አቁሜ፣ ሜሮን ስትይዝልኝ ረዘም ያለውን እግር እየሞረድኩ አስታረቅኳቸው። እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ያንተን ዱካ አልነካሁም፤ ያንን ሳንቃ ለመደገፊያው አደረግኩት።

ሐሳቤ እሁድ ዕለት ኒሙ ሥር ባዶውን ላቆመው ነበር። ለሰው ፕላስቲክ ወንበር እከራያለሁ፣ ያንተ ላይ ግን ማንም እንዳይቀመጥ ብዬ ሜሮንን አስጠንቅቄያታለሁ። እኔማ ልቀመጥ ብልስ በምን ፊቴ?

ትናንት የመጨረሻውን ሚስማር መትቼ ቀና ልል ስል ወገቤ ያዘኝ። ሃጃ አጠገቤ ነበረች፤ "ያላ፣ ተቀመጪ! ሰው የማይቀመጥበት ወንበር የት አገር አለ?" ብላ ትከሻዬን ይዛ ጫን አደረገችኝ። እምቢ ለማለት አቅም አጣሁ።

ደስዬ፣ እግሬ መሬቱ ላይ አረፈ። ተረከዜም ጣቶቼም። ጉልበቴ አልተሰቀለ፣ እግሬ አልተንጠለጠለ። መደገፊያው ባምበር የበላውን ወገቤን ልክ ከሚያመኝ ቦታ ላይ ያዘው። ብድግ አልኩና ሲባጎዋን አምጥቼ ከተረከዜ ወደ ላይ ዘረጋኋት። የመጀመሪያው ቋጠሮ ጉልበቴ ሥር ደርሶ ቆመ።

ያኔ ትዝ አለኝ። ደፉ ላይ ተቀምጬ ልብስ ሳጥብ፣ መጥተህ እግሬ ላይ ሲባጎ ስትዘረጋ፣ በአረፋ እጄ አንድ አቅምሼህ "ልጅ ነህ እንዴ፣ ሂድልኝ!" ያልኩህ ቀን። ፊትህ ላይ አረፋ እንዳለ እየሳቅህ ሄድክ። ለካ አልተሳሳትክም። ለካ የለካኸው እኔን ነበር። እኔ እስክመጣ ጉልበትህን አቅፈህ ስትጠብቀኝ ነው ለካ ፌንጣ እያልኩ የሳቅኩብህ።

በደሌ ቀለለልኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ባሰብኝ እንጂ። ያንተን አቃጠልኩ ብዬ ዓመት ሙሉ ሳለቅስ፣ ለካ ያቃጠልኩት ለእኔ የሠራኸውን ነው። ለምን አልነገርከኝም ብዬ ልቆጣህም አማረኝ። ግን በየማታው ነግረኸኛል። ኋላ ያልኩት እኔ ነኝ። ሃጃ ፊት እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ምክንያቱን ሳትጠይቀኝ "መዓሌሽ፣ መዓሌሽ" እያለች፣ አይዞሽ ማለቷ ነው፣ ጀርባዬን ስታሻሸኝ ቆየች።

ስለዚህ እሁድ ወንበሩ ባዶ አይቆምም። እኔ እቀመጥበታለሁ፣ ለሜሮንም ማን ለማን እንደሠራው በአማርኛ እነግራታለሁ፤ ያልገባትን እደግምላታለሁ። ከእሁድ በኋላም ማታ ማታ ከገበያ ስገባ ሳህኑም ልብሱም ይጠብቁኝ። መጀመሪያ መጥቼ አንተ ዘንድ እቀመጣለሁ። ሌላ የምሰጥህ ቃል የለኝም፤ ይህችን ግን በሕይወት እስካለሁ አላጓድላትም።

ይህንንም የምጽፍልህ እዚያው ሆኜ ነው። ፀሐይዋ ልትገባ ነው፣ የኒሙ ቅጠል ጭኔ ላይ ይወድቃል፣ ሳህኑ ገና አልታጠበም። ጠርተኸኝ ነበር፣ ደስዬ። ይኸው መጣሁ፤ ቁጭ ብያለሁ።

ያንተው ብርቄ