ድረ ገጽህን አባትህ ሞክረውታል

አንዱአምላክ፣

«ድረ ገጼን ኢንተርኔት የማያውቅ ሰው ይጠቀምበት እንደሆነ ሞክርልኝ» ብለኸኝ አልነበር? ጠዋት አባትህ ከተወለድክበት ከጉና ድንች ይዘውልህ መጡ። አንተ የለህም። ልጃቸውን እንዲያዩ ብዬ ገጽህን ከፍቼ ስልኬን ሰጠኋቸው።

ሥራዎችህ ይሽከረከራሉ፤ ጣታቸው ሲቀርብ ይሸሻሉ። ዶሮ ማባረር ነው የመሰለኝ። ስልክ ቁጥርህን ሁለታችንም ፈልገን አጣነው።

ይሄ ይስተካከላል።

«ስለ እኔ» የሚለውን ግን ወዲያው አገኙት። ድቁና የተማሩ ሰው ናቸው፣ ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ከምሁራን ቤተሰብ ነው።»

ቁርሴን ትቼ ተነሳሁ።

ድንቹ ከበሩ ኋላ ነው፤ ስለረጠበ ዛሬውኑ ዘርጋው። ቁልፉን አከራያችን ጋ ትቻለሁ። እኔ እህቴ ጋ ነው የማድረው፤ አትደውልልኝ።

ሳላነበው መስጠቴ የኔ ጥፋት ነው። የቀረውን አንተ ታውቃለህ።

አንብበው ሲጨርሱ ፎቶህን አዩና ስልኩን በሁለት እጃቸው መለሱልኝና፣ «መልኩስ ቁርጥ ልጄን ነው» አሉ። «በል አሁን የአንዱአምላክን ክፈትልኝ።»

የምከፍትላቸው አጣሁ።

ጥጋቡ