ሐሙስ ሐሙስ የምሸምነው ቀይ ክር

ሐሙስ፣ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቁርሴን በልቼ የሳምንቱን መድኃኒት ዋጥኩ። ሐኪሟ «ዓይንህን የሚወጋው የገዛ ሰውነትህ ነው፤ መድኃኒቱ ቁጣውን ያበርደዋል። ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ! በየቀኑ ከዋጥከው ይጎዳሃል» ብላኛለች። እኔ ደግሞ ቀን ይምታታብኛል። ስለዚህ በዋጥኩ ቁጥር፣ ለራሴ በጀመርኩት ጋቢ ላይ አንድ ቀይ ክር እሸምናለሁ። የዶርዜ ሰው ሆኖ ወረቀት ላይ ምልክት የሚያደርግ ማን አለ?

የዛሬውን ሸምኜ ስጨርስ ደህናውን ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ ወደ ደጅ አየሁ። በታመመው ብቻ ሳየው ዓባያ ሐይቅ ዳር የለውም፤ ውሃውና ሰማዩ አንድ ሸማ ሆነው ይንሳፈፋሉ። ደስ ይላል፣ እውነቱን ለመናገር። ዓይኔን እንደሸፈንኩ ወደ ጋቢው ዞሬ ቀዮቹን ክሮች ቆጠርኩ። ባለፈው ሳምንት የታዩኝ አራት ነበሩ። ዛሬ ስድስት!

ባለቤቴ አጠገቤ ጥጥ ትፈትላለች።

«ስንት አገኘህ?» አለችኝ።

«ስድስት።»

ጠጋ ብላ ክሮቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካቻቸው።

«ልክ ነህ፣ ስድስት ናቸው» አለችና ወደ እንዝርቷ ተመለሰች።

የዛሬው ክር ስምንተኛው መሆኑን እጄ ያውቃል፤ የእሷም ጣት ሳያውቅ አይቀርም። እኔም ወደ ሽመናዬ ተመለስኩ።