ከፀጉር ቤቴ በር ላይ አያ ጅቦን እንዳወርድ ላዘዙኝ ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር አቶ ልዑልቃል
የዘጠኝ በር ዲጂታል ጨዋታዎች ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለተላከልኝ የአሥራ አምስት ቀን ማስጠንቀቂያ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎንስ እንዴት አድርጎዎታል? ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጦ መዋል ለዓይን ደግ እንዳልሆነ ሰምቻለሁና ፈጣሪ ብርሃኑን እንዳይነሳዎ፣ የጨዋታዎን ተጫዋቾች እንዲያበዛልዎ፣ የጠበቃዎንም ብዕር እንዳያደርቅብዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ ጎፋ ውስጥ ከታክሲ መቆሚያው ወረድ ብሎ «አያ ጅቦ የወንዶች ፀጉር ቤት»ን ከፍቼ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት ጀማሉዲን፣ ከወገቤ ሕመም በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ጨዋ መልእክተኛ በሞተር ሳይክል መጥቶ፣ የደንበኛዬን ግማሽ ጢም ላጭቼ ግማሹ ገና ሳሙና እንደለበሰ፣ የከበረ ደብዳቤዎን አስፈርሞ ሰጠኝ። «አያ ጅቦ፦ የጨለማው ንጉሥ» የተባለው የስልክ ጨዋታዎ በድርጅትዎ ስም የተመዘገበ ስለሆነ፣ እኔ ደግሞ ስሙንና የጅቡን ሥዕል ያለ ፈቃድ ስለተጠቀምኩ፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ታፔላዬን እንዳወርድ፣ አለዚያ በሕግ እንደምጠየቅ በሚገባ ያስረዳል። የደንበኛዬ ፊት ላይ ሳሙናው እስኪደርቅ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዚህ ዕድሜዬ የጨለማ ንጉሥ የሚፈራኝ ሰው መሆኔን በማወቄ ኮርቻለሁ።

ጅቡን የሣለልኝ ሰው አንደኛውን ዓይን ከሌላው አተልቆበታል፤ ጥርሱንም ከልክ በላይ ስለደረደረው የሚስቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡት እሱን አይተው ነው፤ ያለ እሱ እኔን በስሜ ፈልጎ የሚያገኘኝ ሰው የለም። ታፔላው ከወረደ ሱቄም አብሮ እንደወረደ ይቁጠሩት። ስለዚህ ከአንድ ደንበኛዬ ስልክ ተውሼ ጨዋታዎን ከመጀመሪያው ጀምሬ አየሁትና የሚከተሉትን ምስጋናዎች በቁጥር ለማቅረብ ተገደድኩ።

፩ኛ. ጅቡን ስላሳመሩልን እናመሰግናለን። እኛ የምናውቀው አያ ጅቦ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚሄድ፣ የነገሩትን ሁሉ የሚያምን፣ ለአንድ ሙዳ ሥጋ ብሎ ገደል የሚገባ ምስኪን ነበር። የእርስዎ ግን ደረቱ እንደ ጂም አሠልጣኝ የተነፋ ሲሆን እጁ ላይም ሰይፍ አለ። ያን ሁሉ ጥርስ ለያዘ ፍጡር ሰይፍ ለምን እንዳስፈለገው አልገባኝም፤ ይህ ግን ያለመማሬ ጉድለት ይሆናል። በተረቱ አህያዋ በብልሃት ታመልጥና የሚሰማው ሕፃን እፎይ ይል ነበር፤ በእርስዎ ዘንድ አንዲት አህያ አሥር ነጥብ ናት። ልጆቻችን የተበላውን ሳይሆን የበላውን እንዲሆኑ ስላስተማሩልን ውለታዎን የምንከፍልበት አቅም የለንም።

፪ኛ. ጨዋታው ሲጀምር «አያ» የጥንት የጅብ ነገሥታት የማዕረግ ስም መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይወጣል። ለዚህ ጥልቅ ጥናት ባርኔጣዬን አነሳለሁ። እናቴ የነገረችኝ ግን ሌላ ነው። አያ ማለት ታላቅ ወንድም ነው፤ እንስሳቱም ጅቡን እንዲህ የሚሉት ወደውት ወይም አንግሠውት ሳይሆን፣ ያን የመሰለ ጥርስ ያለውን በባዶ ስሙ መጥራት ለጤና ስለማይበጅ ነው። ፊት ለፊት አያ ይሉታል፣ ዞር ሲል ይስቁበታል። እኔም ከላይ «ክቡር» ብዬ የጀመርኩት ይህንኑ የአባቶች ልማድ ተከትዬ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

፫ኛ. ደብዳቤዎ የድርጅትዎ ኦሪጅናል ፈጠራዎች ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው ገጸ ባሕርያት መካከል ፀጉር አስተካካይዋ እመት ፍየል ትገኛለች። እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ይፍቀዱልኝ።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ወይዘሮ አሰገደች የሚባሉ ጎረቤታችን የአራት ዓመት ልጃቸውን የመጀመሪያ ፀጉሩን ለማስተካከል አመጡልኝ። በወንበሩ የእጅ መደገፊያዎች ላይ ጣውላ አጋድሜ አስቀመጥኩት። ማሽኑ ሲንጫጫ ሲሰማ ግን አለቀሰ ብል አይበቃም፤ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሰው የታረደ መስሎት መቀሱን እንደያዘ ሮጦ መጣ። የማውቀውን ተረት ሁሉ ደረደርኩለት፣ አልሆነም። ሲቸግረኝ መስታወቱን አየሁና ያልነበረ ተረት ከራሴ አወጣሁ። አያ ጅቦ ሠርግ ተጠርቶ የማጅራቱን ፀጉር ሊስተካከል እመት ፍየል ዘንድ ሄደ። እምቢ ብትል ይበላታል፤ ሠርታ ስትጨርስም ይበላታል። ልጁ ዝም አለ።

የእኔ የአሠራር ደንብ እንዲህ ነው፤ ተረቱ ፀጉሩ እስኪያልቅ ይሄዳል፣ ፀጉሩ ሲያልቅ ይቆማል፣ የቀረው ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይቆያል። በዚህ ምክንያት ልጆች እናቶቻቸውን እየጎተቱ ይመጣሉ። ያን ቀን የደረስኩት አያ ጅቦ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ጨርቁ አንገቱ ላይ ታስሮ፣ ፀጉር እንዳይገባበት ዓይኑን እንዲጨፍን የተነገረው ቦታ ላይ ነው። በዚያው ወር ቤተሰቡ ሰፈር ለቀቀ። የልጁ ስም ልዑልቃል ነበር።

ከደብዳቤው ግርጌ ስምዎን ሳይ ሌላ ልዑልቃል ይሆናል ብዬ ነበር። የጨዋታዎን አራተኛ ደረጃ ሳይ ግን ጥርጣሬዬ ለቀቀኝ። ጅቡ በፍየሏ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ጨርቁ ይታሰርለታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ስክሪኑ ይጠቁርና «ቀጣዩ ምዕራፍ በቅርቡ» ይላል። ይህ «በቅርቡ» ስምንት ወር እንዳለፈው ደንበኞቼ ነግረውኛል። ተጫዋቾችዎም ተማርረው የጻፉልዎትን አንብቤያለሁ። ፈጠራው የራስዎ ቢሆን ኖሮ መጨረሻው እንዲህ ባልቸገረዎ ነበር።

፬ኛ. ይህን ለመጻፍ እጄ ከብዶኝ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ደራርቱ የምትባል ደንበኛዬ ልጇን ኢሉን አመጣችው። የእመት ፍየልን ተረት ስጀምርለት አንገቱን ከስልኩ ቀና አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይሄማ ከጌሙ ነው፤ ኮፒ አድርገህ ነው» አለኝ። እናቱ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ሆዴ ግን አልሳቀም። ከፋኝ፣ በጣም ከፋኝ። ደብዳቤዎ ካስፈራኝ ይልቅ ያ ሕፃን እንደ ሌባ መቁጠሩ ያንገበግበኛል።

እንግዲህ፣ ክቡር ሆይ፣ ካሳ አልጠይቅም፤ ጠበቃም አላቆምም። በፍርድ ቤት የምናገረው ነገር ቢኖር የተረቱን መጨረሻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም ሄዶ በስሙ እንዳያስመዘግበው እዚሁ አደባባይ ላይ እናገረዋለሁ።

እመት ፍየል ማጅራቱን ሙልጭ አድርጋ ላጨችው። የጆሮውን ጭገር አስተካከለች፣ ቅባት ቀባችው፣ ሙሽራው ራሱ አንተን አያህልም አለችው። አያ ጅቦ በጣም ደስ ስላለው ስመለስ እበላሻለሁ ብሏት ወደ ሠርጉ በረረ። እዚያ ሲደርስ ውሾቹ፣ ማጅራቱ የተላጨው ጅብ ውሻ መስሏቸው፣ ጭራቸውን እየቆሉ ተቀበሉት። ደጃፍ ላይ ያሉት «ሂድ ከዚህ» ብለው አጥንት ወረወሩለት። አያ ጅቦ ነኝ ብሎ ቢምል ቢገዘት ሰሚ አላገኘም፤ አያ የሚለውም አንድ ሰው ጠፋ። ፀጉሩ እስኪያድግ ጫካ ተደብቆ ከረመ፤ እመት ፍየልም በዚህ መሃል እቃዋን ጠቅልላ ከተማ ገባች። ይህ ተረት ከዛሬ ጀምሮ የሰሚው ሁሉ ነው፤ ለአምስተኛው ደረጃ ከጠቀመዎት እርስዎም ከሰሚዎቹ አንዱ ነዎትና ይውሰዱት።

ታፔላው ግን አይወርድም።

በቁም ነገርዎ መካከል ለአንድ ፀጉር አስተካካይ ጊዜ ስለሰጡ ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣ የድርጅትዎ ስም ከፍ እንዲል፣ ዓይንዎም ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን በመመኘት፣ መቀሴን ጥዬ፣ እጄን ታጥቤ፣ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ጀማሉዲን፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ጎፋ

ግልባጭ፦
ተረት ሰምቶ ለሚያውቅ ሁሉ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ተሳስቼ የሰው ስም እንዳላነሳ ብዬ ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት ወይዘሮ አሰገደችን አፈላልጌ አነበብኩላቸው። ስለ «ጨለማው ንጉሥ» ስነግራቸው ሳቁ፤ እስከ ስንት ዓመትዎ ድረስ መብራት እየበራልዎ ይተኙ እንደነበርም ነገሩኝ። እኔ ግን የደንበኛ ምስጢር አላወጣም። እናትዎ በአሥራ አምስተኛው ቀን ከማለዳው ጀምረው ከታፔላው ሥር ወንበር ዘርግተው ለመቀመጥ ወስነዋል። ከዚያ የሚያስነሳቸው የሕግ ወረቀት ካለዎት፣ በመልእክተኛ አይላኩት፤ እባክዎ በራስዎ እጅ ይዘውላቸው ይምጡ።